ጠቢቡ ጠይብ የሆነበት ቋንቋ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከመጫሩ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በዴም ሰፈር ከአንድ ዛፍ ሥር ሱዳኖች በንበር የሚሏቸውን አጫጭር በርጩማዎች ዘርግታ፣ ጀበናዋን ጥዳ የምትውል ኢትዮጵያዊት ከማለዳ እስከ ምሽት ስንት ጊዜ «ያ ሐበሺያ!» ተብላ እንደምትጠራ መቁጠር ያታክት ነበር። ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም፤ የሕዝብ ስም ነው። በከተማዪቱ አፍ ግን ከጊዜ ብዛት ቡና አፍልታ የምትሸጥ፣ ቤት የምትጠርግ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት ማለት እየሆነ ሄዷል። ባለ ጀበናዋ ይህን ታውቃለች፤ ይቆጫታልም። ያችው ሴት ታዲያ ውኃ ተሸክሞ የመጣላትን የኑባ ተራሮች ወይም የደቡብ ልጅ ለባልንጀራዋ ስታመለክት፣ ከአማርኛዋ መዝዛ የምታወጣው ቃል «ባሪያው» የሚል መሆኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። ልጁ አማርኛ አይሰማም፤ ስለዚህም ቃሉ ማንንም የነካ አይመስልም።

እዚህ ላይ ለሒስ የሚቀርበው ሴትዮዋ አይደለችም፤ ቃሉ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ቃል በታች ወድቃ ከሌላ ቃል በላይ የምትቆምበት ቋንቋ፣ ሰውን ዝቅ የሚያደርጉ ቃላቱን ከየት እንዳመጣቸው መመርመር ይገባል። የአማርኛ የዝቅታ ቃላት ሲመረመሩ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። አብዛኞቹ ከመሬት የበቀሉ አይደሉም፤ ከከፍታ የወደቁ ናቸው።

ነገሩ በአደባባይ የተነገረበት ጊዜ አለ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዐዋጁ በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ስለታተመ ለብዙው አንባቢ አዲስ አይደለም። የሚጠቀሰው ግን እንደ ሕግ ወይም እንደ ሥልጣኔ ምልክት ነው፤ እንደ ጽሑፍ ሲነበብ እምብዛም አይታይም። እንደ ጽሑፍ ሲነበብ ጠባዩ እንግዳ ነው። ንጉሡ ስድቦቹን በስም እየጠሩ ይደረድሯቸዋል። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ የሚነግደው መጫኛ ነካሽ እንደሚባል ያስረዳሉ። ስድብን ለመከልከል ስድቡን በሙሉ መዘርዘር ግድ ሆነ። ከአማርኛ የመንግሥት ጽሑፎች መካከል እንዲህ ጥርት ያለ የንቀት መዝገብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። (ከተዘረዘሩት ሙያዎች አንዱ ጽሕፈት መሆኑን የብዕር ሰዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ብዕር ያነሣ ሁሉ ከቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር በአንድ መደብ ተቀምጦ ነበር።)

የዐዋጁ ክርክር ሁለት እግር አለው። አንደኛው የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መወለዱን ያስታውሳል። ሁለተኛው ጥቅምን ይመለከታል። በአውሮፓ አዲስ ሥራ ያወጣ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይመሰገናል፤ በዚህ አገር ግን ሠራተኛው እየተሰደበ ሥራውን ከተወ አገር ባዶ ይቀራል ይላል። ከዚህ በኋላ የሚሳደብ ሰው ንጉሡን ራሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር ይገልጻል፤ ደግሞ የተገኘም አንድ ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ንጉሥ ራሱን በቀጥቃጭ ቦታ አስቀምጦ «የተሰደብሁት እኔ ነኝ» ማለቱ ከዘመኑ አንጻር ደፋር ሐሳብ ነው፤ የጽሑፉም ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ይሁንና ሁለቱ እግሮች እኩል አይረግጡም። የአዳም ነገር ባጭሩ ይታለፋል፤ የጥቅሙ ነገር ይሰፋል። ሠራተኛው የሚከበረው ሰው ስለሆነ ነው ወይስ ስለሚጠቅም ነው ቢባል፣ የዐዋጁ ልብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። የራሱ ሙያ የሌለው፣ ጉልበቱም እሱነቱም የሌላ ሰው ንብረት የሆነውስ? ዐዋጁ የሚከለክለው በሙያ የሚሰጠውን ስድብ ነውና «ባሪያ» የሚለው ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የባሪያ ነገር በ1916 ዓ.ም. በወጣው የነጻነት ደንብ፣ ከዚያም በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ ባስቀረው ዐዋጅ ታየ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰውየው ይዞታ ነው፤ ሰውየው ነጻ ከወጣ በኋላ በምን ስም እንደሚጠራ አይናገሩም። ሕጉ ሰውየውን ፈታው፤ ቃሉ ግን ተፈትቶ ሜዳ ላይ ቀረ።

ዐዋጁ ያልጠየቀው ሌላም ጥያቄ አለ። ቃላቱ ከየት መጡ? ጠይብ የግእዙ ጠቢብ ነው። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ሰሎሞንን የመሰለ ማለት ነው። ከዚያው ሥር የወጣው ጥበብ ዛሬም የዕውቀትና የኪነት ስም ሆኖ ይከበራል፤ ከዚህም አልፎ የሸማ ጥለት መጠሪያ ነው። አንዲት ወይዘሮ በጥምቀት ዋዜማ ጥበብ ቀሚሷን ከሣጥን ስታወጣ በወገቧና በጫፏ ላይ የተጋደመው የሸማኔው ዕውቀት ነው። ጥለቱ ጥበብ ተባለ፣ የጠለፈው ቁጢት በጣሽ ተባለ፤ ማረሻውን ሞርዶ የሰጠውም ጠይብ ከዚያም አልፎ ቡዳ ተባለ። ንቀቱ የሥራውን ውጤት አልነካም። ማንም ሰው ማረሻው የጠይብ እጅ ስለነካው ከእርሻ አልመለሰውም። የተናቀው ሰውየው ብቻ ነው፤ የተናቀበትም ስም የሊቅ ስም ነው። ቃሉ ሁለት ፊደል አለወጠም ማለት ይቻላል፤ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ወናፉ ጫፍ ግን ወረደ።

ይህ አንድ ነጠላ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ሊታለፍ ይችል ነበር። የሚከተለው ጥንድ ግን አያሳልፍም። በአማርኛ የመልካም አስተዳደግ ሚዛን ሁለት ጫፍ አለው፤ ላዩ ጨዋ፣ ታቹ ባለጌ። የጨዋ ልጅ የተባለ ተመሰገነ፤ ባለጌ የተባለ ከሰው ወጣ። የላዩ ቃል ግን ሥሩ ሲታይ ግእዙ ጼዋ ነው፤ ጼዋ ማለት ምርኮ ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ ይባሉ የነበሩት በየጠረፉ የሰፈሩ የጦር ክፍሎች ናቸው፤ የታሪክ ጸሐፍትም ስማቸውን ከምርኮኞች መመልመል ጋር ያያይዙታል። ምርኮኛው ወታደር ሆነ፣ ወታደሩ መሬት ተተከለለት፣ የባለ መሬቱም ልጅ የጨዋ ልጅ ተባለ። በቤተ ክህነት ደግሞ ያው ቃል ሌላ መንገድ ሄደና ክህነትና ትምህርት የሌለውን ምእመን ማመልከት ጀመረ፤ በደብር ቅጽር ውስጥ ጨዋ መባል ማሞገሻ አይደለም።

የታቹን ቃል በተመለከተ፣ ባለጌ በተለምዶ የሚተነተነው «ባለ ጌ» ተብሎ ነው፤ ጌ ምድር፣ አገር ነው። ይህ ትንታኔ ባያሳምን እንኳ የቅርብ ዘመዱ ባላገር ማስረጃ አይፈልግም። ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ የከበረ ማዕርግ ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ በከተማ አፍ ባላገር መባል መንገድ ማቋረጥ የማያውቅ፣ ሹካ የማይዝ መባል ነው። የከተሜው ማሞገሻ አራዳ ነው፤ እሱም የገበያና የአደባባይ ሰፈር ስም ነው። እንግዲህ አማርኛ ምርኮኛውን አንሥቶ ጨዋ አደረገው፤ የአገሩን ባለቤት ጥሎ ባላገር አለው። ቃላት በተፈጥሯቸው ክቡርና ወራዳ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ጥንድ ምን ሊያደርገው እንደሚችል ማየት ያስደስታል።

ከሰው ወደ ዕቃ ሲኬድ ምሥጢሩ ይበልጥ ይገለጣል። ደካማ ጥራት ላለው ነገር አማርኛ ብዙ ስም አለው፤ መናኛ፣ ርካሽ፣ ተራ፣ ውራጅ፣ ዝቃጭ፣ አተላ፣ ቅራሪ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሳይለወጡ ሰው ላይ ይለጠፋሉ። ተራ ዕቃ አለ፤ ተራ ሰውም አለ። ርካሽ ጫማ አለ፤ ርካሽ ሴት የሚል ጨካኝ አነጋገርም አለ። ዝቃጭ ከእንስራ ሥር የሚቀር ነገር ሆኖ ሳለ የኅብረተሰብ ዝቃጭ እየተባለ በጋዜጣና በመድረክ ተነግሯል። ዛሬ በሪፖርት ቋንቋ ውስጥ «ዝቅተኛ» የሚለው ቅጽል በአንድ ገጽ ላይ ለሲሚንቶ ጥራትም ለኅብረተሰብ ክፍልም ያገለግላል፤ ጸሐፊውም ምንም አይቆረቁረውም።

ሥሮቹ ሲነቀሉ የበለጠ ያስደነግጣሉ። ረከሰ ዋጋው ቀነሰ ማለትም ነው፤ ነጻ አለመሆን፣ መቆሸሽ ማለትም ነው። ርካሽና ርኩስ ወንድማማች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ ርካሽ ነገር የገዛ ድኻ ሳያውቀው ከንጽሕና ጋር ተጣልቷል። ወረደ ከሚለው ግስ ውራጅም ወራዳም ውርደትም ወጥተዋል። ውራጅ ከጌታ ወደ አሽከር፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ የወረደ ልብስ ነው፤ ወራዳ ደግሞ ራሱ የወረደ ሰው ነው። (በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» እያለ የሚጮኸው ተሳፋሪ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ማን ያስታውሳል?) የግእዙ መነነ ናቀ፣ ጣለ ማለት ነው። ዓለምን የናቀው ሰው መናኝ ተብሎ ይከበራል፤ ሰው የናቀው ዕቃ ግን መናኛ ሲባል ይሰማል። ልዩነቱ ንቀቱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ብቻ ነው፤ የናቀው ከበረ፣ የተናቀው ቀለለ።

የሰውና የዕቃ ቃል እንዲህ የተደባለቀው በዘፈቀደ አይደለም። በአንድ ገበታ ላይ ስለተገናኙ ነው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ በሚጣለው ግብር፣ ሰው በማዕርጉ ተራ ይቀመጥ ነበር። የመጀመሪያው ተርታ የጠራውን ጠጅና ምርጡን ብልት ያገኛል፤ ተርታው ዝቅ ባለ ቁጥር መጠጡ ይቀጥናል፣ ሥጋውም አጥንት ይበዛዋል። በየቤቱም በመጠኑ ያው ነበር። ጉሹ ለእንግዳ፣ ጠላው ለቤተ ዘመድ፣ ውኃ የተጨመረበት ቅራሪ ለልጅና ለአሽከር፣ አተላው ለከብት። አሽከሩ ቅራሪ የሚጠጣው አሽከር ስለሆነ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን አሽከር መሆኑ የሚታወቀው ቅራሪ በመጠጣቱ ሆነ። ጥራት በማዕርግ ይከፋፈል በነበረበት አገር የጥራት ቃል ከማዕርግ ቃል ሊለይ አይችልም። ማኛ ጤፍ በጌታው መሶብ፣ ጥቁር ጤፍ በሎሌው እጅ ሲታይ የኖረ ዓይን፣ እንጀራውን አይቶ ሰውየውን ማወቅ ይለምዳል።

የገበያው ቃል ግን አንድ ታማኝነት አለው። ጤፍ ሻጭ «ማኛ ነው» ብትል ገዢ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ያየዋል፤ ሰርገኛ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው ይቀንሳል። የዕቃ ቃል በእጅ ይፈተናል። ሊሻርም ይችላል። ጥቁር ጤፍ ለዘመናት የድኻ እህል ሲባል ኖሮ ብረት አለው፣ ለጤና ይስማማል መባል ከተጀመረ ወዲህ ተፈላጊ ሆኗል፤ የተናገረበት ማንም ሰው ይቅርታ መጠየቅ አላስፈለገውም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የወደቀ ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፣ የተጣለ ጎማ ጫማ ይሆናል። ቆራሌው ከየደጃፉ የሰበሰበው ውዳቂ እዚያ ሲደርስ ስሙን ይለውጣል። ሰው ላይ የተለጠፈው ቃል ግን የሚፈተንበት መዳፍ የለውም። ወራዳ ለተባለ ሰው ማስረጃው የተናጋሪው አፍ ነው፤ ምናለሽ ተራም የለውም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ጊዜ የሚነበበው የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር ተብሎ ነው፤ እንደ ቃላት ልብ ወለድ ሲነበብ ግን ከዚያ ያነሰ አይደለም። የባላባት ልጅና የገበሬ ልጅ የሚለያዩት በመልክ ወይም በዕውቀት አይደለም። በዕውቀትማ አስተማሪው በዛብህ ነው። የሚለያዩት «ጨዋ» በሚለው ቃል ነው። የልብ ወለዱ ታላቅ ዘዴ ደግሞ ያንን ቃል የሚጠይቀውን ሰው ስም ነው። ካሣ ዳምጤ የትውልድን ደረጃ ስለተቃወመ ማኅበረሰቡ «ጉዱ» ብሎ ሰየመው። የስም አወጣጥን የሚተች ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት ስም ማውጣት ነው። ከዚህ አንጻር የሐዲስ ዓለማየሁ ትችት ከምኒልክ ዐዋጅ አንድ እርምጃ ይርቃል። ንጉሡ ተሳዳቢውን ቀጡ፤ ደራሲው የሚሰይመው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው አብዮት ሦስተኛውን መንገድ ሞከረ፤ ቃሉን በቃል መተካት። ጭሰኛ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ከነሥርዓቱ ተሻረ። ወዛደርና ሠርቶ አደር የክብር ስሞች ሆነው ወጡ። ንቀት የተጫናቸው የሕዝብ ስሞች ሕዝቦቹ ራሳቸውን በሚጠሩባቸው ስሞች ተተኩ፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን የቦታው ባለቤት ሳይለወጥ የተለወጠ ስም ዕድሜው አጭር ነው። ገረድ መባል ነውር ሆነና ሠራተኛ ተባለች። ሠራተኛ በዚያው ዘመን በሰልፍ መፈክር ላይ ከፍ ብሎ የሚጻፍ ቃል ነበር፤ በሳሎን ውስጥ ግን «ሠራተኛዋ» ማለት ወዲያው ገረዲቱ ማለት ሆነ። ካርቱም የገባች ኢትዮጵያዊት ይህንኑ በዐረብኛ አገኘችው። ሸጋላ የሚለው ቃል ሹግል፣ ማለትም ሥራ፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ ትርጉሙ ሠራተኛ ነው፤ የሚያመለክተው ግን የሰው ቤት የምትጠርገዋን ነው። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቃል አንድ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ ጥለዋል።

ካርቱም ራሷ የቃላት መውጫና መውረጃ ከተማ ናት። ለአማርኛም ባዕድ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሰኔ 1932 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ አገር ሆነው ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን ቀን ሲጠባበቁ፣ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ በዚህችው ከተማ ይታተም ነበር። ከጋዜጣው ዓላማዎች አንዱ ለጣሊያን ያደሩትን ባንዶች ማስከዳት ነበር። ባንዲራም ባንዳም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ በጣሊያንኛም ሥራቸው አንድ ነው፤ ምልክትንና በምልክት ሥር የተሰለፈ ጭፍራን ያመለክታሉ። ለጣሊያን ጦር ባንዳ የአንድ ዓይነት ጭፍራ መጠሪያ እንጂ ስድብ አልነበረም። አማርኛ ሁለቱን መንትዮች ተቀብሎ አንዱን ከቃላት ሁሉ በላይ ሰቀለው፣ ሌላውን ከቃላት ሁሉ በታች ቀበረው። እዚህ ላይ ቃሉን የጣለው የሰዎቹ ተግባር ነው፤ ስለዚህም ፍርዱ ከባድ ቢሆንም መሠረት አለው። ጠይብ ግን ምን አደረገ?

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚበዙበት የዴም ሰፈርም በስሙ ታሪክ ተሸክሟል። ዴም በሱዳን ሰፈራ፣ መንደር ማለት ነው። በባሕር አል-ገዛል ያለው ዴም ዙበይር የታላቁ የባሪያ ነጋዴ የዙበይር ጣቢያ ነበር። በእንግሊዞች ዘመን ደግሞ ከካርቱም በስተ ደቡብ የነበሩት ዴሞች የቀን ሠራተኛው፣ ከባርነት የወጣውና የቀድሞው ወታደር የሚኖርባቸው ነበሩ። ስደተኛው መጥቶ የተቀመጠው ሌላው በተናቀበት ቦታ ላይ ነው። ስደተኛ የሚለውም ቃል ቢሆን ዘመድ አለው፤ ሰደደ ከሚለው ግስ ስደትም ስድም ወጥተዋል፤ ስድ ያልታረመ፣ ያልተገራ ማለት ነው። (ግጥም ያልሆነው ጽሑፍ ሁሉ ስድ ንባብ መባሉ ለጸሐፍት ሌላ ትሕትና ነው።) በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል በሌሊት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፍረው ሄዱ። በአገራቸው ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ርስት የለሽ ተብለው የተናቁበት «ፈላሻ» የሚለው ስም ፈለሰ ከሚለው ግስ ይያያዛል። በሱዳን የስደተኛ ካምፖች ግን ሰዳቢውም ተሰዳቢውም ፈልሶ ነበር። በአንድ ቧንቧ ፊት ለውኃ ሲሰለፉ ፈላሻ ያልሆነ ማን ነበር?

«ባሪያ» የሚለው ቃል በዚህ ድንበር አካባቢ የሠራው ሥራም ከዚሁ ይመደባል። ከከሰላ ማዶ በምዕራብ ኤርትራ ቆላ የሚኖር አንድ ሕዝብ ራሱን ናራ ብሎ ይጠራል። ጎረቤቶቹ ግን ለረጅም ዘመን ባሪያ ይሉት ነበር፤ በአውሮፓውያን የጉዞና የቋንቋ ጥናት መጻሕፍትም በዚሁ ስም ተመዝግቦ ኖሯል። የስድብ ቃል በመጽሐፍ ርእስና በካርታ ላይ የሕዝብ ስም ሆኖ ሲቀመጥ፣ የሚያነበው ሊቅ ስድብ መሆኑን ልብ አይለውም። በዴም ጀበና አጠገብ «ባሪያው» የምትለውም ሴት እንደዚያው ናት። ቃሉን እንደ ስም ተቀብላዋለች። ይህ ለእሷ ማቃለያ ሊሆን ይችላል፤ ለቋንቋው ግን አይሆንም።

የአገሩ ሰዎች በበኩላቸው ከተመሳሳይ ቃል ጋር በግልጽ ታግለዋል። ከመቶ ዓመት በፊት «ሱዳናዊ» መባል ራሱ ለብዙ የሰሜን ባለ ትውልድ ክብር አልነበረም። ቃሉ ጥቁርነትንና የባርነትን ትውልድ ያሸት ነበርና ራሱን ዐረብ ብሎ መጥራት የሚመርጥ ብዙ ነበር። በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) የነጭ ሰንደቅ ማኅበርን የመራው መኮንን ዓሊ ዐብድ አል-ለጢፍ ከኑባ አባትና ከዲንካ እናት የተወለደ ሰው ነው። በዚያው ዓመት «ሐዳረት አስ-ሱዳን» የተባለው ጋዜጣ ሰውየው የማን ዘር ሆኖ ነው ሕዝብን ለመምራት የተነሣው፣ ይህ ሕዝብስ ምን ያህል ቢዋረድ ነው በእንዲህ ያለ ሰው የሚመራው የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ጋዜጣው ያነሣው የሐሳብ ክርክር አልነበረም። የዘር ደረጃ ጥያቄ ነበር። ዓሊና ጓደኞቹ ግን የተናቀውን ቃል አንሥተው የአገር ስም እንዲሆን ያዙት። «የከበረው የዐረብ ሕዝብ» ይባል ወይስ «የከበረው የሱዳን ሕዝብ» በሚለው ክርክር የዓሊ ወገን ሁለተኛው ነበር። ማኅበሩ ተደመሰሰ፤ ዓሊም በእስር ማቅቆ እ.ኤ.አ. በ1948 በካይሮ ዐረፈ። ቃሉ ግን ዛሬ በፓስፖርት ላይ ታትሟል፤ የጋዜጣው ጸሐፊ የልጅ ልጆችም ያለ እፍረት ይጠሩበታል። ይህ በዐዋጅ የተደረገ አይደለም። የተሰደቡት ሰዎች ስድቡን ተቀብለው ከፍ አድርገው ስለያዙት ነው። በ2011 ዓ.ም. የካርቱም ወጣቶች በሰልፍ ላይ አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው እያሉ ሲጮኹም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በአማርኛ ይህን ያህል የተሳካ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጠይብ የሚለውን ቃል አንሥቶ ወደ ጠቢብ የመለሰ የቀጥቃጮች ማኅበር የለም። የብረት ሠራተኛው ልጅ ሲማር መሐንዲስ ይባላል፤ ምኒልክ ከአውሮፓ ያደነቁለት ማዕርግ ነው። አባቱ ግን በነበረበት ቃል ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የ«ባሪያ» ቃል ራሱ በሌላ ቤት ክቡር ሆኖ መኖሩ ነው። በጸሎት «እኔ ባሪያህ» የሚል ሰው ራሱን አያዋርድም። በግእዝ ገብር ባሪያ፣ አገልጋይ ነው፤ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ክርስቶስ እየተባለ በጥምቀት ዕለት በደስታ ይወጣል። ከዚያው ሥር ገባር የሚለው ወጥቶ ለዘመናት የጭቆና ስም ሆነ። በዐረብኛም እንዲሁ ነው፤ ዐብድ በካርቱም መንገድ ላይ ደም የሚያፋስስ ስድብ ሲሆን በመስጊድና በመዝገብ ላይ የአምላክ አገልጋይነት ምስክር ነው። ጋዜጣው ትውልዱን እየጠቀሰ ያዋረደው የዓሊ አባት በባርነት ያለፈ ኑባዊ ወታደር ነበር፤ የሚጠራበትም ስም ዐብድ አል-ለጢፍ፣ የርኅሩኁ ባሪያ፣ ነበር። ወደ አማርኛ ይመለስ ከተባለ «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ስም ይወጣዋል።